ከመነዳሪው ሲወጣ ሥራውን ማን ይረከባል? ባለ አንድ ጎማ ብስክሌትን ወደ ቱብለስ የመቀየር ሳይንስ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 በካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና ከተማ ለብስክሌት ብቻ የተሠራ መንገድ ተመረቀ። መንገዱ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከሆቴል ግሪን አካባቢ ተነሥቶ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ስሙ «ካሊፎርኒያ ሳይክልዌይ» ነበር። የሐሳቡ አመንጪ ሆራስ ዶቢንስ እስከ ሎስ አንጀለስ ሊያደርሰው አቅዶ ነበር። ለአንድ ጉዞ 10 ሳንቲም የከፈለ ብስክሌተኛ ጭቃ፣ ድንጋይና እሾህ በሌለበት የእንጨት ወለል ላይ ይንሸራሸር ነበር። ዕቅዱ ግን ከግቡ ሳይደርስ ቀረ፤ መንገዱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። ያ መንገድ ሊያልፍበት ታስቦ ከነበረው መስመር ከፊሉ ዛሬ እ.ኤ.አ. በ1940 የተከፈተው የአሮዮ ሴኮ የመኪና አውራ ጎዳና ነው።

የእንጨቱ መንገድ ሲፈርስ ብስክሌተኛው ወደ መሬት ተመለሰ። ዛሬ ከፓሳዴና በስተ ምዕራብ በሚወርደው የአሮዮ ሴኮ ሸለቆና ከከተማዋ በስተ ሰሜን በሚነሡት የሳን ገብርኤል ተራሮች ግርጌ የሚነዱ ሰዎች የሚገጥማቸው አሸዋ፣ ስለታም ድንጋይና እሾህ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ የተራራ ዱካዎች ላይ ከሚነዱት መካከል ጥቂቶቹ ደግሞ ያላቸው አንድ ጎማ ብቻ ነው። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ለብዙ ኢትዮጵያውያን የሰርከስ መድረክን ያስታውሳል። ይሁን እንጂ እንደ ካናዳዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ክሪስ ሆልም ያሉ አቀበትና ቁልቁለት ደፋሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደ ተራራ ስላወጡት፣ ወፍራም ጎማና ጠንካራ ቸርኬ ያለው ሌላ ዓይነት መሣሪያ ሆኗል።

በእነዚህ ነጂዎች ዘንድ ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ በጎማው ውስጥ ያለውን ከመነዳሪ አውጥቶ ጎማውን ቱብለስ ማድረግ ይበጃል ወይስ አይበጅም? ጥያቄው ተራ የጥገና ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት አንዱ ጎማ ቢተነፍስ ሌላው ይቀረዋል፤ ባለ አንድ ጎማ ግን ምንም መተኪያ የለውም። ቁልቁለት ላይ አየር በድንገት ካመለጠ ቀጥሎ ያለው መውደቅ ነው።

ሙሉ ጫና በአንድ ጎማ ላይ

ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 85 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። በተራ ብስክሌት ይህ ክብደት ለሁለት ይከፈላል። በባለ አንድ ጎማ ግን ሙሉው ክብደት የሚያርፈው በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ነው። የዚያች ቦታ ስፋት በግምት የሚገኘው ክብደቱን በጎማው ውስጥ ባለው የአየር ግፊት በማካፈል ነው። ግፊቱ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ከሆነ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ግፊቱ ወደ 20 ሲወርድ ደግሞ ወደ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የጎማው ግድግዳ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ስላለ ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ሰፊ ቦታ የሚነካ ጎማ አሸዋ ላይ አይሰምጥም፤ ድንጋይ ላይ አይነጥርም፤ ሥር ሲያቋርጥም አይንሸራተትም። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ምንጭና አሞርዛተር የለውም። ድንጋጤውን የሚውጠው በጎማው ውስጥ ያለው አየርና የነጂው ጉልበት ብቻ ነው። ስለዚህ ነጂው ግፊቱን ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ነጂው ከድንጋይ ላይ ዘሎ ሲያርፍ በጎማው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ግፊቱ ዝቅተኛ ከሆነ ጎማው እስከ ቸርኬው ድረስ ይደፈጠጣል፤ በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መካከል የተያዘው ከመነዳሪም እንደ መቀስ ይቆረጣል። ውጤቱ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። ነጂው ይህን ፈርቶ ግፊቱን ከፍ ቢያደርግ ጎማው እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ሚዛንም ይጠፋል። ከመነዳሪ ያለው ጎማ እንግዲህ ነጂውን በሁለት መጥፎ ምርጫዎች መካከል ያቆመዋል።

ከመነዳሪው የሚሠራው ሥራ

«ከመነዳሪ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ መነሻው «ካሜራ ዳሪያ» ማለትም «የአየር ክፍል» የሚለው ሐረግ ነው። እንደ ጎሚስታና ቸርኬ ሁሉ ከጋራዥ ወደ ዕለት ተዕለት ንግግር የዘለቀ ቃል ነው። ትርጉሙም ሥራውን በትክክል ይናገራል። የውጭው ጎማ መሬት ይይዛል፣ ቅርጽ ይሰጣል፤ አየሩን የሚያስረው ግን ውስጠኛው ክፍል ነው።

የአየር ጎማ ታሪክም የዚህ ክፍፍል ታሪክ ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን በ1845 የአየር ጎማን ሐሳብ በፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ሐሳቡ ግን ገበያ ሳያገኝ ተረሳ። በ1888 በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት የአየር ጎማ ሠራ፤ ዓለም የተቀበለውም ያንን ነው። ከመነዳሪን አስወግዶ አየሩን በጎማውና በቸርኬው መካከል በቀጥታ የማሰር ዘዴ በመኪና ላይ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ የቢ ኤፍ ጉድሪች ኩባንያ መሐንዲስ ፍራንክ ኸርዜግ በ1952 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዳዲስ የአሜሪካ መኪኖች በቱብለስ ጎማ መውጣት ጀመሩ። ብስክሌት እስኪከተል ግን ብዙ ዓመታት አለፉ። የፈረንሳዩ ማቪክ ኩባንያ ለተራራ ብስክሌት የተዘጋጀ ሥርዓት ያቀረበው በ1999 ነው። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካዊው ስታን ኮዚያቴክ ተራ ቸርኬን በቴፕና በፈሳሽ ወደ ቱብለስ የመቀየር ዘዴን አስፋፋ።

የባለ አንድ ጎማ ነጂዎች የሚጠቀሙት ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ገበያቸው ጠባብ በመሆኑ ለእነርሱ ተብሎ የሚሠራ የቱብለስ ቸርኬ እንደ ልብ አይገኝም፤ ያላቸውን ቸርኬ መለወጥ ይኖርባቸዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገርም ይህ ነው፤ ከመነዳሪውን ማውጣት ቀላል ነው፣ ሥራው ግን አብሮ አይወጣም። ያ ሥራ ለሦስት ተረካቢዎች ይከፋፈላል፦ አየር እንዳያሳልፍ ለሚታሸገው ቸርኬ፣ በቸርኬው ላይ አጥብቆ ለሚቀመጠው የጎማው ጠርዝና ቀዳዳ ለሚደፍነው ፈሳሽ። ከሦስቱ አንዱ ሥራውን ካልተወጣ ጎማው አይቆምም።

ኩርንችትና ነጩ ፈሳሽ

በደቡብ ካሊፎርኒያ ለቱብለስ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ጠንካራው ከመሬት የሚበቅል ነው። በአማርኛ ኩርንችት የሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ትሪቡለስ ቴሬስትሪስ ተብሎ የሚጠራው አረም በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች የብስክሌተኞች ዋና ጠላት ነው። ከአሮጌው ዓለም ደረቅና ሞቃት አካባቢዎች የመጣው ይህ ተክል ፍሬው ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ በአምስት ክፍል ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ክፍል ጠንካራ እሾሆች ያሉት ሲሆን፣ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ እሾህ ወደ ላይ ይቆማል። ተክሉን ለመቆጣጠር በ1961 ዘሩንና ግንዱን የሚያጠቁ ሁለት የነቀዝ ዝርያዎች በአሜሪካ ተለቀዋል። ተክሉ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። በፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ያለ ብስክሌተኛም ሆነ በባሕር ዳር የሚነዳ ሰው በዚህ ረገድ የሚያውቀው እሾህ አንድ ነው።

ከመነዳሪ እንዲህ ያለ እሾህ ሲወጋው ውሎ ሳያድር ይተነፍሳል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን አውጥቶ በውሃ ውስጥ ይፈትሸዋል፣ ቀዳዳውን ይሞርዳል፣ በማስቲሽ ይለጥፋል። በቱብለስ ጎማ ውስጥ ግን ጥቂት ነጭ ፈሳሽ ይኖራል። የአብዛኞቹ ፈሳሾች መሠረት ላቴክስ ነው፤ ማለትም በውሃ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የጎማ ቅንጣቶች ናቸው። እሾህ ጎማውን ሲበሳ አየሩ ፈሳሹን እየገፋ ወደ ቀዳዳው ይወስደዋል። በፈሳሹ ውስጥ ያሉት ክሮችና ፍርፋሪዎች ቀዳዳው ላይ ይጠላለፋሉ፤ ላቴክሱም ከአየር ጋር ሲገናኝ እየረጋ ይደፍነዋል። ነጂው ብዙ ጊዜ መወጋቱን እንኳ አያውቅም።

ፈሳሹ ግን ገደብ አለው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በድንጋይ የተሰነጠቀ የጎማ ግድግዳን ግን አያድንም። ዘላለማዊም አይደለም። ውሃው ቀስ በቀስ ይተናል፤ ላቴክሱም በጎማው ውስጥ ደርቆ ይጋገራል። ስለዚህ በየሁለት እስከ ስድስት ወሩ መፈተሽና መጨመር ያስፈልጋል፤ ሞቃትና ደረቅ በሆነ አየር ጊዜው ያጥራል። ለቱብለስ ጎማ የሚከፈለው አንዱ ዋጋ ይህ የማያቋርጥ ክትትል ነው።

ቀዳዳ ያለው ቸርኬ

ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት የራሱ ልዩ እንቅፋት አለው። ሰፊ ጎማ ሰፊ ቸርኬ ይፈልጋል፤ ሰፊ ቸርኬ ደግሞ ይከብዳል። አምራቾች ክብደቱን ለመቀነስ በብዙ ቸርኬዎች ላይ፣ በሽቦዎቹ መካከል፣ ትላልቅ ቀዳዳዎች ይቆርጣሉ። ከመነዳሪ ላለው ጎማ ይህ ችግር አይደለም፤ አንድ የጨርቅ ወይም የፕላስቲክ መቀነት ቀዳዳዎቹን ይሸፍናል። ቱብለስ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ የአየር ማምለጫ በር ነው። ቀጭን ቴፕ ብቻ ከተለጠፈበት ግፊቱ ቴፑን ወደ ቀዳዳው እየገፋ ያሳብጠዋል፤ ጠርዙ ሲላቀቅም አየር ይወጣል። መፍትሔው ጠንካራውን መቀነት ከሥር አስቀርቶ በላዩ ሰፊና ጠንካራ የቱብለስ ቴፕ ሁለት ዙር መጠቅለል ነው።

ሁለተኛው መፈተሻ የቸርኬው መጋጠሚያ ነው። በብየዳ የተያያዘ ቸርኬ አየር ይይዛል፤ በፒን ብቻ የተጋጠመ ቸርኬ ግን በስንጥቁ ሊያፈስ ይችላል። ሦስተኛው የቸርኬው ውስጣዊ ቅርጽ ነው። ለቱብለስ የተሠራ ቸርኬ የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ደረጃና ጠርዙ ወደ መሃል እንዳይንሸራተት የሚያግድ ትንሽ ጉብታ አለው። ያረጀ፣ የተጣመመ ወይም ጎማው ልል ብሎ የሚገባበት ቸርኬ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጎማው በእጅ ያለ ምንም ትግል ከገባ፣ ያ ምቾት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

ቸርኬው ብቁ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው በጽዳት ነው። አሮጌ ሙጫና ቅባት በአልኮል ይጸዳል፤ ቴፕ በቅባት ላይ አይጣበቅም። ቀጥሎ ከቸርኬው ውስጣዊ ስፋት በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቴፕ ተወጥሮ ይጠቀለላል፤ ጫፉም መጀመሪያውን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይደረባል። ከሥሩ የታሰረ የአየር አረፋ በጣት እየተገፋ ይወጣል። ከዚያ በቫልቩ ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ የቱብለስ ቫልቭ ይገባል። ማሰሪያው በእጅ ብቻ ይጠበቃል፤ በፒንሳ የታሰረ ቫልቭ ዱካ ላይ ሲበላሽ በጣት አይፈታምና።

በጣም አስቸጋሪው ደረጃ የጎማውን ሁለት ጠርዞች ከቸርኬው ጋር ማስማማት ነው። በተራ የእጅ ፓምፕ የሚገባው አየር በጠርዙ ሥር ስለሚያመልጥ ብዙውን ጊዜ ኮምፕረሰር ያስፈልጋል። ኮምፕረሰር የሌለው ሰው የሚጠቀምበት አንድ ብልሃት አለ። ጎማው መጀመሪያ ከከመነዳሪ ጋር ተነፍቶ ያድራል። በማግስቱ በአንድ በኩል ብቻ ተከፍቶ ከመነዳሪው ይወጣል። ያልተነካው ጠርዝ በቦታው ስለሚቆይ የሚቀረው አንዱን ጠርዝ ብቻ ማስያዝ ይሆናል። የሳሙና ውሃ መቀባት ጠርዙ ተንሸራቶ ወደ ቦታው እንዲገባ ይረዳል። ጠርዙ ሲይዝ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአየር ግፊቱ በጎማውና በቸርኬው ላይ ከተጻፉት ሁለት ገደቦች ዝቅተኛውን ማለፍ የለበትም፤ ከቸርኬ ላይ በግፊት የሚፈናጠር ጎማ ጣትና ዓይን ይጎዳል። ተቀጣጣይ ጋዝ ነፍቶ በእሳት ማስነሣትም ጎማውንም ሰውንም ያቃጥላል።

ጠርዞቹ ከያዙ በኋላ አየሩ ይለቀቅና ፈሳሹ በቫልቩ በኩል ይገባል። ለ24፣ ለ26 እና ለ29 ኢንች ሰፊ ጎማዎች ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ረጅም ርቀት ለሚጓዙበት ባለ 36 ኢንች ጎማ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ጎማው ዳግም ተነፍቶ ይሽከረከራል፤ በአንዱ ጎኑ ከዚያም በሌላው ይጋደማል፤ ፈሳሹ ሁሉንም ጠርዝ እንዲያዳርስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊቱ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ጎማው አንድ ሌሊት ሳይተነፍስ ካላደረ ግን ወደ ተራራ መሄድ አይገባም።

ቱብለስ የሚሸነፍበት ቦታ

ከመነዳሪው ሲወጣ ጥንዱ ቀዳዳ የሚያስከትለው ስጋት አብሮ ይወጣል፤ በምትኩ ግን ሌላ ስጋት ይገባል። ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት ሲታጠፍ ወደ ጎን ስለሚያጋድል ጫናው በአብዛኛው በጎማው መሃል መስመር ያልፋል። ባለ አንድ ጎማ ነጂ ግን በቦታው እየዘለለ ይዞራል፤ ወደ ጎን ይዘላል፤ ሲያርፍም ጎማውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ይህ ኃይል የጎማውን ጠርዝ ከቸርኬው ሊያላቅቀው ይችላል። ለአንዲት ቅጽበት በር ይከፈትና አየሩ ከፈሳሹ ጋር «ፍስ» ብሎ ያመልጣል፤ ልክ እንደ ግሳት። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ቀጣዩ ዝላይ የባሰ ይሆናል።

ከመነዳሪ ባለበት ጎማ ይህ አይከሰትም፤ ጠርዙ ቢላቀቅም አየሩ ተዘግቶ ይቆያል። ስለዚህ ደረጃና አግዳሚ ላይ እየዘለለ የሚጫወት ነጂ ከመነዳሪውን ባይነካው ይሻለዋል። በረጅም ዱካ ላይ በእሾህና በጠጠር መካከል የሚጓዝ ነጂ ደግሞ ከቱብለስ ብዙ ይጠቀማል። ምርጫውን የሚወስነው እንግዲህ ፋሽን ሳይሆን ጎማውን የሚገድለው ነገር ነው፤ እሾህ ወይስ የጎን ዝላይ?

የክብደት ጉዳይም በልክ ሊታይ ይገባል። የሰፊ ጎማ ከመነዳሪ እንደ መጠኑ ከ200 እስከ 400 ግራም ይመዝናል። በምትኩ የሚገባው ፈሳሽ፣ ቴፕና ቫልቭ ከ100 ግራም በላይ ስለሚሆን የተጣራው ቅናሽ እንደሚወራው ትልቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ክብደት የሚቀነሰው ከመሽከርከሪያው ዳርቻ ነው። በዳርቻ ያለ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ በተጨማሪም ይዞራል። ስለዚህ ፍጥነት ለመጨመር ከማይሽከረከር ክብደት ሁለት እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። የባለ አንድ ጎማ ፔዳል በአብዛኛው በቀጥታ ከጎማው ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ነጂው ሚዛኑን የሚጠብቀው ጎማውን ያለ ማቋረጥ በማፍጠንና በማዘግየት ነው። ከዳርቻው የተቀነሰች እያንዳንዷ ግራም በእያንዳንዷ የእግር ዙር ትታወቃለች።

አየርን ጨርሶ የተዉት ጎማዎች

በዚያው በአሮዮ ሴኮ ሸለቆ አፍ ላይ፣ በካልቴክ የሚተዳደረው የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ይገኛል። የላቦራቶሪው መሐንዲሶች ለማርስ ተሽከርካሪዎቻቸው አየርን ጨርሶ ትተውታል፤ ጎማዎቻቸው ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። በ2012 ማርስ ላይ ያረፈው ኪዩሪዮሲቲ የጎማው ቆዳ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነበር፤ በ2013 በሹል ድንጋዮች እየተበሳና እየተቀደደ መሆኑ ታየ። በ2021 ላረፈው ፐርሲቪራንስ ቆዳው ወፍራም ሆነ፤ የመሬት መያዣ ጥርሶቹም ከ24 ወደ 48 አደጉ። ጎሚስታ በሌለበት ዓለም አየር ማሰር ዋጋው ከባድ ነው። እንዲህ ያለ አየር የሌለው ጎማ ግን የአየር ጎማን ያህል ድንጋጤን አይውጥም፤ የማርሱ ተሽከርካሪ የሚሄደው ከሰው እርምጃ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነውና አያስፈልገውም። በምድር ላይ ለሚዘል ነጂ ግን አየር የግድ ነው፤ ጥያቄው አየሩን ማን ይሰረው የሚለው ብቻ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተራራ ነጂዎች የደረሱበት መልስ መካከለኛ ነው። ቸርኬያቸውን ፈትሸው፣ በጥንቃቄ አሽገው፣ ፈሳሹን በጊዜው እየጨመሩ በቱብለስ ይሄዳሉ። ግፊቱንም መጀመሪያ ከፍ አድርገው፣ ጎማው እንደማያገሳ እስኪያረጋግጡ ድረስ በየጉዞው አንድ ወይም ሁለት ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ ይቀንሳሉ። ፈሳሹ የማይደፍነው ስንጥቅ ሲገጥማቸው ደግሞ ከየትኛውም ዱካ ወደ ቤት የሚመልሳቸው አሮጌው መፍትሔ ነው። በእነርሱ ዘንድ ከመነዳሪው ከጎማው ይወጣል፤ ከቦርሳቸው ግን አይወጣም።